ሰባተኛውን ትምህርት ያላለፈው ተማሪ

ሶዶ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ «ለጊዜው» ስለተዘጋው ትምህርት

ይድረስ ለልጃችን ለመክብብ፣

ባለህበት ሁሉ የእመቤታችን ጥበቃ አይለይህ፤ የፊንላንድ ብርድም ለአጥንትህ ይራራልህ። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። «እኛ» ማለቴ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ እኔና አቮካዶው ነን። ዘንድሮ ፍሬው ከመብዛቱ የተነሣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮው ላይ ተኝቷል። አንዱ ዷ ብሎ በወደቀ ቁጥር በር የተመታ እየመሰለኝ «ማነው?» እላለሁ።

ትናንት ጠዋት «ቃላ»ን ብከፍተው ትምህርቱ የለም። ባዶ ገጽ ላይ «ውድ ተጠቃሚያችን፣ የወላይትኛ መማሪያ ድረ ገጻችንን ለማሻሻል ሲባል አገልግሎቱ ለጊዜው የተቋረጠ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን» ይላል። ያረቀቅከው አንተ እንደሆንክ ወዲያው ገባኝ፤ «በትሕትና» የምትለዋን እኛ ቤት ሆነህ ስትማር ከእኔ ነው የወሰድካት። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ታይፕ ስመታ ስንቱን «ለጊዜው» ጽፌአለሁ። ለጊዜው ተዘግቶ የተከፈተ ግን አላስታውስም። ስለዚህ የሚከፈትበት ቀን ይጻፍልን።

የምጠይቅህ ለራሴ አይደለም። የጎረቤቴ የሳህሊቱ ልጅ ውጭ አገር ወልዳ ልጆቿ ቋንቋቸውን የሚማሩት በእናንተው ነው። አርባውን ትምህርት በድምፁ የሞላው ጋሽህ ቦልቴም፣ ነፍሱን በገነት ያኑራትና፣ ካረፈ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። የለፋበት ነገር እንዲህ ሲዘጋ ደስ አይልም።

ቦዲቲ ለለቅሶ ሄጄ እናትህን አገኘኋት። ጉልበቷ ትንሽ ያዝ አድርጓታል እንጂ ደህና ናት። «ልጄ መቼ እመጣለሁ አለሽ?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። «ለጊዜው ተቋርጧል» አልኳት። ስቃለች፣ አትጨነቅ።

አክባሪህ
ዓመለወርቅ
ግልባጭ፦ ለአቮካዶው


ታምፔሬ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ዓመለወርቅ፣

ሰላምታዬ የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ሳይገፈፍ ግቢዎ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በዚህ ወር ፀሐይ የምትወጣው እኛ ሥራ ከገባን በኋላ ነው፤ ስንወጣ ደግሞ የለችም። ለእናቴ የሰጧትን መልስ ሥራ ቦታ አስታውሼው ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ቶሎ ቆመብኝ። ሰባት ዓመት ሆነኝ እኮ።

ስለ «ቃላ» ልንገርዎት። ከስድስት ዓመት በፊት ሦስት ጓደኛሞች ስንጀምረው ተማሪዎቻችን ሠላሳ ቤተሰብ ነበሩ። ዛሬ አራት መቶ አልፈዋል። አሮጌው ሲስተም አልቻላቸውም፤ ሁሉም ልጆቹን ይዞ በሚቀመጥበት ቅዳሜ ቅዳሜ ይወድቃል። ስለዚህ ሁሉንም ወደ አዲስ እያዛወርን ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ይታገሱን።

ሁለተኛው ጉዳይ ድምፁ ነው። ጋሼ ሳሎን ተቀምጠው በስልካቸው ነበር የቀዱልን። ሦስተኛው ትምህርት ላይ ዶሮ ይጮኻል፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ያ አቮካዶ ይወድቃል። የባሰው ግን ሰባተኛው ነው። የጠዋቱን ሰላምታ «ሳሮ አቃዲ?»፣ ደህና አደርክ ወይ፣ ብለው መተው ሲገባቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና «ሳሮ አቃዲ፣ ዓመሌ?» ይላሉ። ከዚያ ተማሪው እንዲመልስ አራት ሴኮንድ ዝም ይላሉ። እኛም ሳናስተውለው ተለቀቀ። ተማሪው ሁሉ «ዓመሌ» የሰላምታው አካል መስሎት ነው ሲማር የኖረው። ሊድስ ያለ አንድ እንግሊዛዊ የወላይታ ልጅ አግብቶ፣ አማቱን በስልክ «ሳሮ አቃዲ፣ ዓመሌ» ቢላቸው «ዓመሌ ደግሞ ማናት?» ብለው ትዳሩ ሊበጠበጥ ነበር።

መረጃውን ስናዛውር ደግሞ አንድ የሚገርም ተማሪ አገኘን። ስም አላስመዘገበም፤ ከሶዶ እንደሚገባ ብቻ ይታያል። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰባተኛውን ትምህርት ይከፍታል። አምስት መቶ ስልሳ ቀን ሊሞላው ነው። አንድም ቀን ስምንተኛውን አልከፈተም። ጓደኞቼ «ይህስ የለየለት ሰነፍ ነው» ብለው ሳቁበት። እኔ ግን ያ ትርፍ ቃል ግራ አጋብቶት ይሆናል ብዬ አዘንኩለት። ሶዶ ጠባብ ናትና ምናልባት ያውቁት ይሆን?

ስለዚህ ሁሉንም እንደ አዲስ እንቀዳዋለን፤ አሁን ጥያቄውም መልሱም አብሮ ይሰማል፣ ዝምታው ይቀራል። እትዬ፣ እርስዎ ቢቀዱልንስ? ከጋሼ ቀጥሎ ለዚህ የሚሆን ከእርስዎ ድምፅ ሌላ አይታየኝም።

ልጅዎ መክብብ


ሶዶ፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የቀረጻ ጥያቄን ስላለመቀበል

ይድረስ ለልጄ ለመክብብ፣

የሥራህን ፍሬ ያሳይህ፣ የልፋትህን ዋጋ አያስቀርብህ። መልሴ የዘገየው ጉንፋን ይዞኝ ነው ልበልህ፤ ጉንፋንም ነበረበት።

ስላሰብከኝ አመሰግናለሁ፤ ግን አልቀዳም። የእኔ ወላይትኛ የእንግዳ ነው። አያቴ ከሰሜን ለጸሐፊነት ተሹመው የመጡ ናቸው። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ፣ ቦልቴን እስካገባ ድረስ ከገበያ ወላይትኛ አላለፍኩም ነበር። ዛሬም አፌ ይሰብረዋል። የገዛ ባሌ «ዓመሌ፣ ቃሉን ነከስሽው እኮ» ይለኝ ነበር።

እንዴት እንዳስተማረኝ ልንገርህ። አማቴ የሚኖሩት ዱቦ መንደር ነበር፣ አማርኛ ፈጽሞ አይሰሙም። ጋሽህ «ቢያንስ ሰላምታውን ትችያለሽ» ብሎ ጀመረኝ። ያኔ ሻንቶ ከተማ ነበር የሚያስተምረው። ጠዋት ቦርሳውን በር ላይ ያስቀምጥና ጉሮሮውን ጠርጎ «ሳሮ አቃዲ፣ ዓመሌ?» ይለኛል። «ደህና» ካልኩት እንዳልሰማ ሆኖ ይቆማል። መኪናው ቢያመልጠውም አይንቀሳቀስም። «ሳሮ አቃስ»፣ ደህና አድሬአለሁ፣ ስለው ብቻ ቦርሳውን ያነሣል። መጀመሪያ አናደደኝ፤ ኋላ ለመድኩት፤ ከዚያ ያለ እሱ ቀኑ የነጋ አይመስለኝም ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠይቆኛል። ስለዚህ ያ «ዓመሌ» የቀረጻ ስህተት አይደለም። ሰውየው ሰላምታውን ያለ ስሜ ብሎት አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። በመዝገብ ቤት ደንብ አዲስ ፋይል ሲከፈት አሮጌው አይጣልም፤ ይታሰርና መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አሮጌው ሰባተኛ የት እንደሚቀመጥ ጻፍልኝ። ስልኩ እንደሆነ እንደምታውቀው ከቀብሩ በኋላ ቦዲቲ መናኸሪያ ተሰርቋል። ሌላ ቦታ የለም።

ሁለት ሳምንት ያልከው ደግሞ አልፏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና አትቸኩል፤ ብቻ አሮጌውን አደራ።

ዓመለወርቅ
ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት


ታምፔሬ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ዓመለወርቅ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ጉንፋኑም ይልቀቅዎት። ከየት እንደምጀምር ስለማላውቅ ከቀላሉ ልጀምር።

«ቃላ» ተከፍቷል። ባርኮት የሚባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ አርባውንም ትምህርት እዚያው ሶዶ ቀድቶልናል። የከፈትን ዕለት ግን መዓት ወረደብን። የማንም የይለፍ ቃል አልሠራም። ማን የት እንደደረሰ የሚያሳየው መዝገብ ስላልተዛወረ ሁሉም ተማሪ ወደ አንደኛው ትምህርት ተመለሰ። አንዲት እናት «ልጄ ሃያ ስድስተኛ ደርሶ ነበር፤ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌለት ነበር፤ አሁን ምን ልበለው?» ብላ ጻፈች። አራት መቶውንም ቤተሰብ በየስማቸው ይቅርታ ስጠይቅ ሰነበትኩ።

አሁን ከባዱን ልናገር። የእርስዎ ደብዳቤ ኅዳር 27 ደርሶኝ ነበር። ያኔ «መቼ ይከፈታል?» የሚል ቅሬታ በየሰዓቱ ይመጣ ነበርና «የእትዬን ረጋ ብዬ አነበዋለሁ» ብዬ አቆየሁት። ያነበብኩት ታኅሣሥ 4 ነው። አሮጌውን ሲስተም የተከራየንበት ውል ኅዳር 30 አብቅቶ፣ በውሉ መሠረት በውስጡ የነበረው ሁሉ ጠፍቷል። ቅጂ ይዤአለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ስከፍተው የትምህርቶቹ ስም ዝርዝር አለ፤ ድምፆቹ የሉም። ሳልፈትሽ ነው ያመንኩት። በወቅቱ ደብዳቤዎን ከፍቼ ቢሆን ሦስት ቀን ነበረኝ።

ማንንም አላሳብብም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በአዲሱ ላይ ሰባተኛው ጥርት ብሎ ይሰማል ብዬ ላጽናናዎት ፈልጌ ነበር፤ ጽፌ አጠፋሁት።

ስለዚያ የሶዶ ተማሪ ምንም አልጻፉልኝም። አዲሱ ከተከፈተ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ገብቶ ሰባተኛውን ከፈተና አልተመለሰም።

መክብብ


ሶዶ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ሰነፉ ተማሪ

ይድረስ ለመክብብ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ተማሪው እኔ ነኝ።

መቼም ገብቶሃል፤ ግን በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው። የሳህሊቱን የልጅ ልጆች ሰበብ አድርጌ ነበር፤ ይቅር በለኝ፣ በስተርጅና መዋሸት አያምርም።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ጋሽህ ሆስፒታል በተኛ በመጨረሻው ጠዋት ዓይኑን ገለጠና «ሳሮ አቃዲ፣ ዓመሌ?» አለኝ። እኔ ወንበር ላይ አድሬ ወገቤ ተቆርጧል፤ ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁም። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በመታመሙ መሰለኝ። «ቆይ፣ ሻይ ላምጣልህ» አልኩትና ወጣሁ። በአማርኛ። መልሱን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የወጣሁት። ሻዩን ይዤ ስመለስ አልቆየኝም።

አርባው ከወጣ በኋላ እንዲያው ሆድ ሲብሰኝ የናንተን ትምህርት ከፍቼ ሰባተኛው ላይ አገኘሁት። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ እንደ ጥንቱ ቆሞ ይጠብቃል። ለአራት ሴኮንድ። እኔ እመልስለታለሁ። ስምንተኛውን ከፍቼ ምን ላደርግ ነው? የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ ይሉኝ እንደሆነ ይበሉኝ።

ባርኮት ደህና ልጅ ነው፣ ቋንቋውም የጠራ ነው። ግን ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ለእኔ ቦታ አልተወልኝም።

አልተቀየምኩህም። እኔም በዚያ ጠዋት የተጠየቅሁትን «ቆይ» ብዬ ነው ያለፍኩት፤ ያንተ ከእኔ አይብስም። ብቻ ናፈቀኝ መክብብ። ድምፁ ብቻ አይደለም፤ መጠየቁ ናፈቀኝ። አሁን ጠዋት ተነሥቼ ማንም ደህና አደርሽ ሳይለኝ ቁርስ እበላለሁ።

ዓመለወርቅ
ግልባጭ፦ የለውም


ታምፔሬ፣ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለእትዬ ዓመለወርቅ፣

የልደቱም የጥምቀቱም በረከት ይድረስዎት፤ በሁለቱም ሳልጽፍልዎ በማለፌ ይቅር ይበሉኝ። ባዶ እጄን ልጽፍልዎ አልቻልኩም። የጋሼ ቀብር ላይም አልነበርኩም፤ ያኔም እንዲሁ የምጽፈው አጥቼ ነው ወር ሙሉ ዝም ያልኩዎት። እርስዎ ቤት በነበርኩበት አራት ዓመት ጋሼ እኔንም በዚያው ሰላምታ ነበር የሚቀሰቅሱኝ፤ «ሳሮ አቃዲ፣ መክቤ?» እያሉ። ከሶዶ ከወጣሁ ወዲህ መክቤ ያለኝ ሰው የለም። ደብዳቤዎን ሳነብ ነው ያስታወስኩት።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ለተማሪዎቻችን ሁሉ ማስታወቂያ ላክሁ። «በትሕትና» የሚል የለበትም። ዓመሌ ቃል እንዳልሆነች፣ ሰው እንደሆነች፣ የአስተማሪያቸው ባለቤት እንደሆነች ነገርኳቸው። ስለዚያ የሆስፒታል ጠዋት ለማንም አልተናገርኩም። የጋሼን ድምፅ በሆነ መንገድ የቀዳ ካለ እባካችሁ አልኩ። ማንም የለውም፤ ድረ ገጹ ራሱ ማውረድ አይፈቅድም ነበር። እኔው ነኝ የከለከልኩት።

ግን ሌላ ነገር መጣ። መጀመሪያ ያ ሊድስ ያለው ሰውዬ ስድስት ዓመት የሆናትን ልጁን ሶሲን ቀድቶ ላከልኝ። «የጋሼ ቦልቴ ድምፅ የለንም፤ ልጄ ግን የምትለው እንደ እሳቸው ነው» ይላል። ከፍቼ ሰማሁት። እትዬ፣ ልጅቷ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። እሱም የሰላምታው አካል መስሏት ነው። ከዚያ «ዓመሌ» ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ልክ እንደ ጋሼ ዝቅ ታደርገዋለች።

ለሌሎቹ ወላጆች ይህን ስነግራቸው እነሱም ላኩ። እስከ ዛሬ ስልሳ አንድ ልጆች ደርሰውኛል። ሁሉም አይመሳሰሉም፤ አንዳንዱ ይንተባተባል፣ አንዱ መሐል ላይ ይስቃል። ጉሮሮ መጥረግን ግን አንዳቸውም አልረሱም።

ባርኮትን አስፈቅጄ ሰባተኛውን አነሣሁት። በእሱ ቦታ በየጠዋቱ አንድ ልጅ ይጠይቃል። መልሱን አጥፍቼ አራቱን ሴኮንድ ባዶ ትቼዋለሁ። የጋሼ ድምፅ አይደለም፤ ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይክፈቱት። መጀመሪያ የምትጠይቅዎ ሶሲ ናት።

ልጅዎ መክቤ


ሶዶ፣ የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ለቀረበልኝ ጥያቄ መልስ ስለመስጠት

ይድረስ ለልጄ ለመክቤ፣

ዕድሜህ ይርዘም፤ የሚጠይቅህ አትጣ።

በነጋታው ልክ በሰዓቱ ከፈትኩት። ልጅቷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሳቄ መጣ፤ ስሜን ስትጠራ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ፤ አራቱ ሴኮንድ አለቀና ሳልመልስላት ቀረሁ። ደግሜ ከፈትኩት። በሦስተኛው ነው የቻልኩት።

እነሆ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው። አንዱ «አሜሊ» ይለኛል፤ ይበለኝ። ያ የሚስቀው ቅዳሜ ደረሰኝ፤ አብሬው ሳቅሁ። የቦልቴ ድምፅ አይደለም፤ እውነትህን ነው። ግን መጠየቁ የእሱ ነው። በማያውቀው አገር ስሜን ለስልሳ አንድ ልጅ አስተምሮ ሄዷል፤ እኔ ደግሞ ያለ ጠያቂ ቀረሁ እያልኩ ሳማርረው ነበር።

ትናንት ስምንተኛውን ትምህርት ከፈትኩት። ስለ ገበያ ነው። ባርኮት «ሽንኩርት» የሚለውን ከእኔ በተሻለ ይለዋል፤ ስለዚህ ሰነፍ መባሌ ይሰረዝልኝ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እነዚህ ልጆች በየተራ ይጠይቃሉ፤ አንድ ሰው እንኳ ሲመልስላቸው ሰምተው አያውቁም። የሚጠይቅ ሰው ደግሞ በር ላይ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ አልቀዳም ያልኩትን ሽሬ መልሱን ቀድቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከአራቱ ሴኮንድ በኋላ አስገባው፤ ዝምታውን ግን አትንካው። አፌ ሰብሮታል፤ ተወው። መሐል ላይ አቮካዶ ይወድቃል፤ እሱንም ተወው። ደግሜ ልቅዳው ብል ድምፄ አይታዘዘኝም።

እናትህ ጉልበቷ ተሽሏት ባለፈው እሑድ እኔ ዘንድ ነበረች። አሁንም «መቼ ይመጣል?» ብላኛለች። አሁን ግን አልቀለድኩባትም። ቀኑን ጻፍልንና እነግራታለሁ።

በመልሱ መጨረሻ ላይ፣ «ሳሮ አቃስ» ካልኩ በኋላ፣ ከትምህርቱ ውጭ የሆነ አንድ ስም ታገኛለህ። ልጆቹ የሰላምታው አካል መስሏቸው ይማሩታል ብለህ አትስጋ። ይማሩት። ስህተት ነው ብለህ እንዳትቆርጠው።

እናትህ ዓመለወርቅ
ግልባጭ፦ ለቦልቴ